የጡብ ጀልባዋ ምስክር

ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ፈትሻለሁ። ማግኔት ለጥፎ ቆጣሪ የሚያስተኛውን፣ ከቆጣሪው በፊት ቧንቧ ቀጥሎ ግድግዳ ውስጥ የሚቀብረውን፣ መስታወቱን በስቶ መርፌ የሚሰድደውን፣ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰው «እመነኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። መሥሪያ ቤት «ፈታሹ» ይሉኛል፤ ቤቴም ከዚያ የተሻለ ስም አላወጣልኝም።

አንድ ማክሰኞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደወለልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልሸሽገውም። የቤቱ ቆጣሪ ቆሞ ሳገኘው አስተኝቶታል ብዬ በጎረቤቶቹ ፊት ውሃውን ቆረጥኩበት። ቆጣሪው ተፈትቶ ሲታይ ግን ጥርሱ አልቆ በራሱ ጊዜ የሞተ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ሦስቴም ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ።

«ጋሼ፣ ለሥራ ፈልጌህ ነው» አለኝ።

ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ጀሪካን እያቀለጠ የሚገጣጠሙ የመጫወቻ ጡቦች ይሠራል። አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተር አርባ የጡብ ጀልባ ልታዝዘው ነው፤ ልጆቹ ገንዳ ላይ እንዲያንሳፍፉት። ከዚህ በፊት «ይንሳፈፋል» ተብሎ የተሸጠላት ሁሉ ስለሰመጠባት፣ ውሃ የሚያውቅ ሰው ፈትሾ ይመስክርልኝ ብላለች።

«ለምን እኔን?» አልኩት። ነገሩ ገና ከጅምሩ አልጣመኝም።

«ካንተ በላይ የሚጠራጠር ሰው ስለማላውቅ ነው። አንተ ተንሳፈፈች ካልክ፣ ተንሳፈፈች ነው። ለሴትየዋም እንደዚሁ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሙገሳ ይሁን ስድብ ሳይለይልኝ እሺ አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ሄድኩ። ጀልባዎቹ መደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እያንዳንዳቸው የክንድ ግማሽ ያህል። እሱ ከፊት ያለችውን ቀይ አንስቶ ሊሰጠኝ ሲል፣ እጁን አልፌ ከኋላ ከጥግ አንዲት ቢጫ መዘዝኩ። ፈገግ አለ። ፈገግታውንም ጠረጠርኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከታች ያሉት ጡቦች...»

«አትንገረኝ» አልኩት። «ውሃው ይነግረኛል።»

ጀልባዋን ካርቶን ውስጥ ከትቼ በሥራዬ ደንብ አሸግኳት። ካርቶኑን በሽቦ አስሬ፣ የሽቦውን ጫፍ በትንሽ የእርሳስ ክብ ውስጥ አሳልፌ፣ ክቡን በማሸጊያ ፒንሳዬ አንድ ጊዜ ነከስኩት። ማኅተሜ ሁልጊዜ አንድ ንክሻ ነው። ሁለተኛ መንከስ እርሳሱን ያደክመዋል፤ ለጀማሪዎች ሁሉ የማስተምረውም ይህንኑ ነው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ካርቶኑን አየችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ስማ፣ አንተ ሰውዬ። ወንድሜን ሁለተኛ በሰው ፊት ካዋረድከው፣ ልብሴን ሸክፌ እህቴ ጋ ነኝ። ቀልድ እንዳይመስልህ።»

ቀልድ አልመሰለኝም። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር አደርገዋለሁ ብላ ያላደረገችው ነገር ትዝ አይለኝም። ካርቶኑን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቅዬ፣ ፒንሳውን በሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ አንጠለጠልኩ። በነጋታው ወደ ሥራ ሄጄ ስመለስ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ በውሃ ሞላሁ። ማኅተሙን ጎተት አድርጌ አየሁት፤ አለ፣ አልተበጠሰም። ሽቦውን ቆርጬ እርሳሱን ኪሴ ከተትኩና ጀልባዋን ውሃው ላይ አኖርኳት። ሆዷ ውስጥ ቁራጭ ጋዜጣ አነጠፍኩ፤ ጋዜጣ አንዲት ጠብታ ብትነካው እንኳ ይጠቁራል። በጋዜጣው ላይ ስድስት ብይ ጫንኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ጋዜጣው እንደ ደረቀ ነው።

ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ብቅ አለች። «ተንሳፈፈች አይደል? ምን ቀረህ? ጻፍና ተነስ እንጂ!»

ተንሳፍፋለች። ግን ልቤ አልሞላም። ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ነገር የማውቅ ሰው ነኝ፤ ጡብ ከጡብ ተገጣጥሞ የተሠራ ነገር በሁለት ሰዓት ውስጥ አንዲት ጠብታ እንኳ አያስገባም? ጀልባዋን አወጣኋት፣ አደረቅኋት፣ በጥፍሬ መጋጠሚያዋን ፋቅሁ። ነጭ ነገር ወጣ። አሸተትኩት። ሰም ነው፤ የሻማ ሰም።

እውነቱን ልናገርና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንገበገበኝ ጸጸት በአንድ ጥፍር ሰም ቀለለልኝ። አየህ፣ አልኩ ለራሴ፣ ያኔም ሳትሳሳት አልቀረህም! የባለቤቴ ዛቻ ትዝ አለኝ። ግን እኔ በውሸት አልመሰክርም። ያዋረደው ራሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለእሷ ትንፍሽ አላልኩም።

ዓርብ ጠዋት ጋራዡ ስደርስ ዳይሬክተሯ ቀድማኝ ደርሳለች፤ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት። አማቼ ወንበር ሲያቀርብልኝ አልተቀመጥኩም። ቢጫዋን ጀልባ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳትና መጋጠሚያዋን አሳየኋቸው።

«ትንሳፈፋለች» አልኩ። «ሰም ስለተቀባች። ሰሙ ሲለቅ የልጆቹ ጀልባ ገንዳው ወለል ላይ ነው።»

አማቼ ክው አለ። ጀልባዋን አንስቶ ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ አገላበጣት። «እኔ ሰም የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለኝም» አለ።

«ሁሉም የለኝም ነው የሚለው።»

ዳይሬክተሯ ተነስታ፣ እኔንም እሱንም ሳታማክር፣ ከመደርደሪያው አራት ጀልባ አወረደች። በጥፍሯ ፋቀቻቸው፤ ምንም የለም። ጋራዡ ጥግ ባለው የውሃ በርሜል ውስጥ አንድ በአንድ ጣለቻቸው። ቆመን ጠበቅን። ቀስ እያለ ውሃው በመጋጠሚያቸው ይገባ ጀመር፤ አንድ ጣት ያህል ወረዱ፤ ከዚያ ግን ቆሙ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፣ አንዷም አልሰመጠችም።

«ከታች ያሉት ጡቦች ሆዳቸው ዝግ ነው» አለ አማቼ ለዳይሬክተሯ። «አየር አለባቸው። ውሃ ትንሽ ያስገባሉ እንጂ አይሰምጡም። ይህንን ልነግረው ነበር፣ አልሰማ አለኝ።»

«ታዲያ ይቺን ሰም ማን ቀባት?» አለች ዳይሬክተሯ፣ መነጽሯን አድርጋ እኔን እያየች።

«ታሽጋ ነው የሄደችው» አልኩ። «ማኅተሙ አልተነካም፤ ይኸው!»

እርሳሱን ከኪሴ አውጥቼ መዳፌ ላይ አኖርኩት። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ሁለት ንክሻ ነው። አንዱ ጠማማ፣ አንዱ በላዩ ላይ የተደገመ፤ ፒንሳው ከብዶት መጀመሪያ ያልሆነለት እጅ ሥራ። ማሸጊያው እርሳስ የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው። ፒንሳው የሚሰቀለውም እኔ ቤት ነው። ሻማውስ ቢሆን፣ ከየትኛው መሳቢያ እንደወጣ አላውቅም?

የሰው ማኅተም ስፈትሽ የኖርኩ ሰው የራሴን ማኅተም አለ ወይ ብዬ ብቻ አይቼ አልፌዋለሁ። የኔ ነዋ! የኔን ማን ይጠረጥራል?

አማቼ ይጠብቃል። ዳይሬክተሯ ትጠብቃለች። የባለቤቴን ስም ብጠራ እሷ በወንድሟ ፊት መቼም ቀና ብላ አትሄድም። መዳፌን ጨበጥኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሰሙን የቀባሁት እኔ ነኝ።»

አማቼ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «በዚህ ነገር ከሰው ሁሉ አንተን ብቻ ነበር ያመንኩት» አለና በሩን ከፈተልኝ። ስወጣ ዳይሬክተሯ አርባውን ስታዝዘው ሰማሁ።

ቤት ስገባ ሻንጣ በሩ ሥር ቆሟል። ባለቤቴ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ስልኩ እጇ ላይ ነው። ወንድሟ ደውሎላታል ማለት ነው።

«ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

እርሳሱን አውጥቼ ሰጠኋት። አየችው። አንገቷን ደፋች።

«በሌለህበት አውጥቼ ሞከርኳት» አለች። «ውሃ ማስገባት ስትጀምር ደንግጬ አወጣኋት። እስክትቆም አልጠበቅኩም።»

«ወንድምሽን ጠርጥረሽ?»

«እሱን አይደለም፣ አንተን ነው። አንዲት ጠብታ ብታይ 'ታፈሳለች' ብለህ ጽፈህ ታጠፋዋለህ ብዬ። ይኸውልህ፣ ጠብታ ስታጣም አልተውከው።»

ከዓይኗ ሸሽቼ ወደ ሻንጣው ዞርኩ።

«ታዲያ ይህን መቼ ሸከፍሽው? ወንድምሽ ሳይደውል?»

«ጠዋት ገና ስትወጣ። ማኅተሙን አይተህ ትነግርብኛለህ ብዬ። ለወንድሜም፣ ለሰውም። አላውቅህም እንዴ?»

ከሰማሁት ሁሉ ያቺ ቃል የቆረጠችኝን ያህል የቆረጠኝ የለም። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት እኔን ፈትሻ የደረሰችበት ውጤት ይህ ነው። ውጤቱም እስከዚያን ቀን ጠዋት ድረስ ትክክል ነበር።

ስልኩን አነሳች። ለወንድሟ ደወለች። «ሰሙ የኔ ነው» አለችው፤ ያለ መግቢያ፣ አንዴ። ከዚያ ጋሼን አቅርቢልኝ ማለቱ ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ነገ ና፤ አርባውን አብረን እንገጣጥማለን» አለኝ። «ፒንሳህን ግን እዚያው ተወው።»

«የዛሬ ሁለት ዓመቱንም ይቅር በለኝ» አልኩት። በሩ ሥር ቆሜ ሦስቴ የዋጥኩት ቃል ነው።

ባለቤቴ ሻንጣውን መኝታ ቤት ወስዳ ከፈተችው። ቀሚሶቿን፣ ሹራቧን እያወጣች ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። ሻንጣውን ዘግታ «አልጋው ሥር አድርገው» አለችኝና ወጣች። አነሳሁት። ባዶ ይሁን አይሁን ሳልከፍት፣ በእጄም ክብደቱን ሳልመዝን፣ አልጋው ሥር ገፋሁት።