ልሙጧ ቁልፍና የቅዳሜ ጩኸት

ቁልፍ ሠሪው በሠላሳ አራት ዓመት የሥራ ዘመኑ ደንበኛ የዋሸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያቺም ደንበኛ የገዛ ልጁ ነበረች።

ልጁ የጥርስ ሐኪም ናት። ሳምንቱን ሙሉ የሰው አፍ ላይ አጎንብሳ ስለምትከርም፣ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቅ ካልገባች ወገቧ አይፈታም። እስከ ትንሿ ደሴት ዋኝታ ትመለሳለች። ችግሩ የመኪናዋ ቁልፍ ነበር። ባለ ቺፕ ነው፣ ውሃ አይወድም። የመጀመሪያውን በዋና ልብሷ ኪስ ይዛው ገብታ ገደለችው። ሁለተኛውን ዳር ላይ አሸዋ ውስጥ ቀበረችው፤ ስትወጣ የቀበረችበት ጠፋትና እስከ እኩለ ቀን ስትቆፍር ዋለች። ያዩዋት ሰዎች ሀብት የተቀበረበት ቦታ የነገሯት መስሏቸው አብረዋት ቆፈሩ።

በማግስቱ አባቷ ኪዮስክ መጣች።

«አባባ፣ ውሃ የማይገድላት ቁልፍ ሥራልኝ።»

ሠራላት። ቺፕ የላት፣ ፕላስቲክ የላት፣ የምትጫነው ነገር የላት፤ ጥርስ የወጣላት አንዲት የነሐስ ቁራጭ ብቻ። በሩን ትከፍታለች፣ ሞተር ግን አታስነሳም። ሌባ እጅ ብትገባ እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከማረፍ ያለፈ ነገር አያገኝባትም። ልጅቷ ይህቺን ልሙጥ ቁልፍ በክር ወገቧ ላይ አስራ ትዋኛለች፣ ባለ ቺፑ መኪናው ውስጥ ተደብቆ ይቆያል።

ቁልፍ ሠሪው ደግሞ አንድ ልማድ አለው፤ በሚከፍተው በር ላይ ሳይሞክር ቁልፍ አያስረክብም። «ያልተሞከረ ቁልፍ ብረት ነው» ይላል። ስለዚህ ኪዮስኩ በር ላይ በቆመው መኪናዋ ሞከራት። ምንም ሳታንገራግር ዞረች፣ በሩ ተከፈተ፣ ባለ ቺፑ ስላልተጫነ ግን ወዲያው አላርሙ መንደሩን አናወጠው። ልጅቷ ባለ ቺፑን ፈልጋ እስክትጫነው ድረስ አላቆመም።

«ይሄ ጩኸት አይስተካከልም?» አለች ጆሮዋን እንደያዘች።

ቁልፍ ሠሪው አጎንብሶ ከመሪው ሥር አየ። አንዲት ቢጫ ሽቦ ነቅሎ ቦታዋን መቀየር ነው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ። ቀና ብሎ ይህንኑ ሊነግራት አፉን ከፈተ። የወጣው ቃል ግን ሌላ ሆነ።

«የፋብሪካ ነው። ከነካሁት ሌላውም ይበላሻል።»

በዚህም አላበቃ። ባለ ቺፑን ኋላ፣ ከመለዋወጫው ጎማ ሥር እንድትደብቀው መከራት፤ «እዚያ ሌባ አይደርስም» ብሎ። እውነት ነው፣ አይደርስም። እሷም ብትሆን ምንጣፉን ገልጣ፣ ጎማውን አንስታ እስክታወጣው ሁለት ደቂቃ ይፈጅባታል። እሱ የፈለገው ሁለቱን ደቂቃ ነበር።

ኪዮስኩ ያለው ከሐይቁ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። መጋዘኖቹ ስለሚጋርዱት ውሃው አይታይም፣ ድምፅ ግን ይሰማል። ልጅቷ አንድ ሰዓት ላይ ትገባለች፣ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አላርሙ ይጮኻል። አላርሙ ጮኸ ማለት ልጁ ወጥታለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሠሪው እንደ ሰው መተንፈስ ይጀምራል።

አሥራ ሁለት ዓመቱ ሳለ ታናሽ ወንድሙ እዚሁ ሐይቅ ገብቶ ቀርቷል። እሱ ዋና ስለማይችል ዳር ላይ ልብስ ጠባቂ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ወንድሙም እየሳቀ ነው የገባው። ቁልፍ ሠሪው ሸሚዝና ጫማ ታቅፎ ወደ ቤት ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሐይቁ ዳር አልወረደም። ይህን ታውቅ የነበረችው ባለቤቱ ብቻ ናት። ልጅቷን ዋና ያስተማረቻትም እሷ ነበረች፤ «ውሃ የሚፈራ ሰው ለአንድ ቤት አንድ ይበቃል» ብላ። አሁን እሷም በሕይወት የለችም። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል ስለ እናት ይመስላል እንጂ፣ አባትም አንድ ካለው ያው ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሐይቁ ዳር የሚዝናናው ሰው ሁሉ ያን መኪና ጠላው። ከሁሉም የባሰበት ጥበቃው ነበር፤ ከአንገቱ ፊሽካ ስለማይለይ «ኮማንደር» ይሉታል። አንድ ቀን የጓንጉል ቁልፍ ሊያስቀርጽ ዳገቱን ወጣና አቤቱታውን ዘረገፈው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይሄን መኪና ያስተካክሉልን። ዓሣው ሁሉ ወደ ማዶ ተሰደደ።»

«የፋብሪካ ነው» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ ከሞረዱ ቀና ሳይል።

«ታዲያ ፋብሪካው አያፍርም?»

ቁልፍ ሠሪው የጓንጉሉን ቁልፍ ከወትሮው አሳምሮ ሠራለት።

ነገሩ የተበላሸው በጥርስ ምክንያት ነው። አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መንጋጋውን አሞት በልጅቷ የሕክምና ወንበር ላይ ተኛ። መርፌው እስኪይዝለት ስለ መኪናዋ ጩኸት አጫወተችው።

«አይስተካከልም ያለሽ ማነው?» አለ፣ ግማሽ ከንፈሩ እየደነዘዘ።

«አባቴ። ቁልፍ ሠሪ ነው።»

ሰውዬው መሳቅ በሚችለው ግማሽ ፊቱ ሳቀ። ጥርሱ ከተነቀለለት በኋላ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ በአራት ደቂቃ አስተካክሎላት ሄደ። እሷም ለአባቷ ሳትነግረው ቀረች። ቅዳሜ ምሳ ላይ «አባባ፣ እንግዲህ ጆሮህ ይረፍ» ልትለው ነበር ሐሳቧ። ቁልፍ ሠሪው ይህን ሁሉ የሰማው በኋላ ነው።

ያን ቅዳሜ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንዲት ሴትዮ የቤቷን በር ቁልፍ ልታስቀርጽ መጣች። ቁልፍ ሠሪው ቁልፏንና ያልተቀረጸ ብረት ማሽኑ ላይ አሰረ፣ ጆሮው ግን ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ለሁለት አምስት ጉዳይ ሆነ። ደሴቷ ጋ አረፍ ብላ ይሆናል አለ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ከሰው ጋር ወሬ ይዛ ይሆናል አለ። ማሽኑ ሦስተኛውን ጥርስ አልፎ አዲሱን ብረት እስከ ወገቡ በላው። ጣለውና ሌላ አሰረ። እሱንም አበላሸው።

«ይቅርታ፣ እመለሳለሁ» አለ ለሴትዮዋ።

ሽርጡን እንደለበሰ ወጣ። ሁለት ሺህ ቁልፍ የተሰቀለበትን ኪዮስክ ሳይቆልፍ ሄደ። ሴትዮዋ ክፍት በር እየጠበቀች ቆመች።

ወደ ሐይቁ የሚያወርደውን ደረጃ እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ብቅ ሲል ሐይቁ ፊቱ ላይ ተዘረጋ። ጠፍጣፋ ነው፣ አንድም የሰው ራስ አይታይበትም። ወደ መኪና ማቆሚያው ዞሮ ቢያይ ኖሮ ታሪኩ እዚያው ባለቀ። እሱ ግን ያየው ውሃውን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አለ ኮማንደር።

አልሰማውም። ጫማውን እንዳደረገ ገባ። ውሃው ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ወገቡን ያዘው። ዋና ዛሬም አይችልም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዳግመኛ የሰው ልብስ ታቅፎ ወደ ቤት አይሄድም። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ከኋላው የመኪና ጥሩምባ ጮኸ፣ ረጅም፣ የማያቋርጥ።

ዞረ። ልጁ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ በተከፈተው መስኮት ግማሽ አካሏን አውጥታ፣ በአንድ እጇ ጥሩምባውን ተጭናለች። ከዚያ ለቀቀችውና እየሮጠች መጣች። ክንዱን ይዛ ጎትታ አወጣችው።

«አባባ፣ ምን ሆነሃል? ዋና አትችልም እኮ!»

«አልችልም።»

«ታዲያ?»

«አልጮኸም» አለ።

«ምኑ?»

«መኪናው።»

የመኪናው ወንበር ላይ አስቀምጣ በፎጣዋ ጠቀለለችው። ውሃው ከሱሪው እየወረደ ምንጣፉን አራሰው። ስለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነገረችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም ወጥታ፣ ፀጉሯን እያደረቀች ሬዲዮ ትሰማ እንደነበር ነገረችው። እሱም ተራው ሲደርስ ተናገረ።

«ሽቦዋን ያኔውኑ አይቻት ነበር። ዋሸሁሽ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ሕዝብ ሲሰድበኝ?» አለች። የምሯን ተናዳ ነበር።

«ወንድም ነበረኝ።»

«አውቃለሁ። በልጅነቱ ታሞ ነው የሞተው።»

«አልታመመም። እዚህ ነው። ልብሱን ይዤለት ነበር።» ሽርጡን እየጨመቀ፣ «ሸሚዙን አጣጥፌ ነበር የያዝኩለት። እንዳይጨማደድበት» አለ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን ከፈተችው።

«የትኛዋ ናት?»

«ቢጫዋ።»

«መልሳት።»

የአምስት ደቂቃ ሥራ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ጣቶቹ በብርድ ደንዝዘው ሽቦዋ ሁለቴ አመለጠችው። ልጅቷ በስልኳ እያበራችለት አጠገቡ ተንበረከከች፤ አላጣደፈችውም። ኮማንደር ከሩቅ ሲያያቸው ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ ሊያስተካክሉት ነው?»

«አዎ፣ እያስተካከለው ነው» አለች ልጅቷ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያቺው ሴትዮ ሳይሠራላት የቀረውን ቁልፍ ፍለጋ ተመልሳ መጣች። ቁልፍ ሠሪው አሰረው። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከታች አላርሙ ጮኸ። ቁልፍ ሠሪው ማሽኑን አጠፋ። ጩኸቱ ሁለት ደቂቃ ሞላ፣ ሦስት ደቂቃ ሆነ፣ አሁንም አላቆመም፤ ልጁ ባለ ቺፑን ለማውጣት አልቸኮለችም። የኮማንደር ፊሽካም ተጨመረበት።

«ኤዲያ» አለች ሴትዮዋ፤ «ይሄ መኪና ባለቤት የለውም እንዴ?»

«አለው» አለ ቁልፍ ሠሪው።