መስመሩ ተይዟል

"ያዢልኝ፤ ደግሞ እንዳይጮህብኝ" ብሎ ባሏ ስልኩን እጇ ላይ ጣል አደረገና ወደ መፀዳጃ ቤት ገሰገሰ። ጉባኤው ለዕረፍት ተነስቶ ሁሉም ወደ ኮሪደሩ ወጥቷል።

ለመነፅር ቤት ባልደረቦቿ "ባሌን ላበረታታ ነው" ብላ ነበር ፈቃድ የወሰደችው። እውነቱ ሌላ ነው። የመጣችው ሴትዮዋን በዓይኗ ልታይ ነው።

አየቻት። ቆንጆ ናት፤ ከፈራችውም በላይ። አንገቷ ረጅም፣ ፀጉሯ እንደ ሐር የተኛ። ቢተኛስ ምን ይገርማል፣ ሙያዋ ፀጉር መሥራት ነው።

ሴትዮዋ የባሏ ደንበኛ ነበረች። ከአባቷ በወረሰችው፣ ፀጉር በምትሠራበት ቤት ላይ ወንድሞቿ ሲከሷት ጥብቅና የቆመላት እሱ ነው። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሲለወጥ ለእሱ ተነገረው፤ ለእሷ የነገራት የለም። እሱም ሌላ ችሎት ሄዶ ቀረ፣ እሷም ሳታውቅ ቀረች፣ ቤቱ በሌለችበት ለወንድሞቿ ተወሰነ። ስለዚህ ለጠበቆች የዲሲፕሊን ጉባኤ ከሰሰችው። ጥፋተኛ ከተባለ የጥብቅና ፈቃዱ ይታገዳል።

"ቀኑ መለወጡን ነገሯት?" ብለው ነበር ሰብሳቢዋ፣ ከዕረፍቱ በፊት።

"ልነግራት ስል ጠፋች። ጉዳዩን የተወችው መሰለኝ። ይኸው ስልኬ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጥሪ የላትም።"

"ኧረ ስደውል ነው የከረምኩት" አለች ሴትዮዋ። "ቢሮው ስሄድ ፍርድ ቤት ነው ይሉኛል። ያ ስልኬ ውሃ ባይገባበት አሳያችሁ ነበር።"

እውነቱ የማን እንደሆነ የምታውቅ አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ያኔ የሴትዮዋ ቁጥር ቅዳሜ አይል እሁድ አይል ይጠራ ነበር። ባሏ ስሟን ሲያይ ብድግ ብሎ በረንዳ ይወጣል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ማናት ስትለው፣ "ደንበኛ ናት፣ እሜቴ። አንቺ ደግሞ ከጥላም ጋር ትጣያለሽ" ይላታል። ቅናት እንቅልፍ ነሳት። አንድ ምሽት እሱ ገላውን ሲታጠብ ስልኩን ከፍታ የሴትዮዋ ጥሪ እንዳይገባ ዘጋችው። በረንዳ መውጣቱ ቀረ። እሷም እፎይ አለች። በረንዳ የሚወጣው ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ ሴትዮዋን ለመዋሸት እንደነበር የገባት ዛሬ፣ እዚህ ነው።

ቁጥሩ አሁንም እንደተዘጋ ነው። አንዴ ብትነካው ይከፈታል፤ ማንም አያውቅም። ባሏ ይተርፋል፣ እሷም ከሀፍረት ትተርፋለች፣ ቆንጆዋ ውሸታም ተብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቤት ካላት ነው እንግዲህ። አውራ ጣቷን ወደ ቁጥሩ አስጠጋች።

"እህቴ፣ ይሄ ወንበር ሰው አለው?"

ቀና ስትል ራሷ ሴትዮዋ ናት። ስልኩን ወደ ደረቷ ሰበሰበችው።

"የለውም፣ ተቀመጪ።"

ሽቶዋም ደስ ይላል። ይሄ ደግሞ ምን ያስፈልግ ነበር።

"አንቺም ጠበቃ ከሰሽ ነው?"

"አይ፣ ሰው አጅቤ ነው።"

"የታደለ ሰው። እኔን የሚያጅበኝ ቀርቶ የሚያምነኝም ጠፋ።" ሴትዮዋ ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ስደውል መስመሩ ተይዟል ነው የሚለኝ። ጠዋት ተይዟል፣ ማታ ተይዟል። ከሚስቱ ጋር እያወራ ነው እል ነበር። የማላውቃት ሴት ላይ ቀናሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ይሄን ሁሉ ሰዓት ምን ይጫወቱ ይሆን እያልኩ።"

"ምንም አይጫወቱም።"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ማለቴ… እንዲህ ያለ ሰው ለሚስቱም አያነሳም።"

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ራሷን አስደነገጣት። ከመነፅር ቤት ስንቴ ደውላለታለች? ስንቴስ ሳያነሳ ቀርቶ፣ ይሄኔ ከእሷ ጋር ነው እያለች መስታወት ስትወለውል ውላለች?

ባሏ እጁን በመሐረብ እያደራረቀ መጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያያቸው ፊቱ ተለዋወጠ።

"ግቡ ተብለናል። ስልኬን።"

አልሰጠችውም። ቀድማው ገባችና ስልኩን ሰብሳቢዋ ፊት አስቀመጠችው።

"ታዳሚ ከኋላ ነው የሚቀመጠው" አሉ ሰብሳቢዋ።

"አውቃለሁ። ሚስቱ ነኝ።" ወደ ሴትዮዋ ዞረች። "እስቲ አሁን ደውዪለት።"

ሴትዮዋ ለአፍታ በድንጋጤ አየቻት። ከዚያ አዲሱን ስልኳን አወጣች፤ ቁጥሯ ግን ያው የድሮው ነው። ቁጥሩን ከየትም አልፈለገችም፤ በቃሏ መታችው። ይሄም ሚስትየዋን ቆጠቆጣት።

ከሴትዮዋ ስልክ ውስጥ መስመሩ ተይዟል የሚለው ድምፅ ተሰማ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጭጭ አለ።

"ምን አድርገሽ ነው?" አለ ባሏ ቀስ ብሎ።

"የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለች ለሰብሳቢዋ። "እሱ አላወቀም። ግን ስትደውል የከረመች ሴት ድንገት ዝም ስትል፣ ምን ሆነች ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም።"

ስልኩን ወደ ሰብሳቢዋ ገፋ አደረገችው።

"የኔን ጥፋት ለብቻ፣ የሱን ለብቻ ጻፉልን።"