ሞተር ጠፍቶ የሚታለፍ መንገድ

ሐምዱ ሃያ ዓመት ሙሉ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ነው። በዚያች የ2008 ታኅሣሥ ቅዳሜ በስተቀኝ ያለውን በር ከፍቶ ሲገባ ቀበቶው የት እንዳለ እንኳ ጠፋው። ተሳፋሪ ሆኖ አያውቅማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮ ድንቅቱ ቡራዩ ላይ ሦስት መኪና ያከራያሉ። መኪና ሲከራይ ሾፌሩም አብሮ ይሄዳል፤ በአገራችን የተለመደው ይኸው ነው። አሁን ግን ቢርጊተ የምትባል የስድሳ ሁለት ዓመት ዴንማርካዊት ሴት ወፍ ልታይ መጣችና፣ መንጃ ፈቃዷን በሕጉ አስቀይራ፣ «የምነዳው እኔ ነኝ» አለች።

«ዛሬን አብረሃት ዋል» አሉት ወይዘሮ ድንቅቱ። «ከቻለች ነገ ብቻዋን ትሂድ። እንግዶቹ እንዲህ ከወደዱልን እኮ ሌሎቹንም መኪኖች ያለ ሾፌር ማከራየት ነው።»

ይህን ያሉት ሐምዱ ፊት ቆመው፣ ፈገግ ብለው ነው። የሰው እንጀራ ሲቆረጥ ፈገግታ ምን ያደርጋል?

ሴትየዋ መንዳት አትችልም ይሆናል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ተስፋው ገና ከቡራዩ አሸዋ ሜዳ ሳይወጡ ሞተ። ለካ አገሯ ላይ ሠላሳ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ናት። ጡሩንባ አትነካም። አህያ ካየች ትቆማለች፤ አህያዋ ካልፈለገች እስክትፈልግ ትጠብቃለች። የሚኒባስ ረዳቶች በመስኮት ብቅ እያሉ ሲሰድቧት እጇን አውለብልባ ሰላምታ ትመልሳለች። ሐምዱ አንድ ስህተት ፈልጎ አጣባትና አንጀቱ አረረ።

«ዛሬ የሰበታው ጫካ ይሻላል ወይስ የሱሉልታ ሜዳ?» አለችው በእንግሊዝኛ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ንጋት ላይ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከሱሉልታ ከተማ አለፍ ብሎ ወደ ሜዳው የሚገባው ኮረኮንች ድንጋይ እንደተደረደረበት ነግሮታል። በዚያ ሰሞን በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ ድንጋይ የተደረደረበትን መንገድ ሾፌር ሁሉ ይሸሸዋል። ሰበታ ደግሞ ሰላም ነው። ሐምዱ ክፉ ሰው አልነበረም። በቃ ጥቂት ወጣቶች ጮኸው ያስደነግጧትና፣ ቁልፉን እየሰጠችኝ «ሐምዱ፣ አንተ ንዳው» ትለኛለች ብሎ አሰበ። ከወጣቶቹ ጋር በኦሮምኛ ተነጋግሮ ማለፍ ለእሱ ምኑም አይደል።

«ሱሉልታ ይሻላል፣ ማዳም» አለ።

ኮረኮንቹን ይዘው ትንሽ እንደሄዱ ድንጋዩ ጋ ደረሱ። ጩኸት ግን የለም። አሥር የሚሆኑ ወጣቶች አፈር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ ወዲያ ከመንገዱ ዳር ድንኳን ተተክሏል። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሽማግሌ ወደ መኪናው መጡ። ሐምዱ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

«አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ?»

«ነጋያ። አንተስ ልጄ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው?»

ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ አጨዳው ተጠያየቁ። ኦቦ ደበላ እንደሚባሉ ከነገሩት በኋላ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«በሐሙሱ ግርግር ልጅ ሞቶብናል። ትናንት ቀበርነው። እናቱ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ተነስታ ትሮጣለች። ልጄን በመኪና ጭነው ነው የወሰዱብኝ፣ መለሱልኝ ትላለች። ሁለት ጊዜ ወድቃ ተጎድታለች። ድንጋዩ መኪና እንዲቆም ብለን ነው እንጂ መንገዱን አልዘጋነውም። ሞተር አጥፍታችሁ እለፉ፤ ልጆቹ ድንጋዩን አንስተው ይገፉላችኋል።»

ሐምዱ ሰው ማስፈራሪያ ይሆንልኛል ብሎ ለቅሶ ቤት መጥቷል። የተባለውን ለሴትየዋ ይተረጉምላት ጀመር። ቢርጊተ ንግግሩን ሳይጨርስ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

«አንተ መሪውን ያዝ» አለችው። «መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ። እኔ እገፋለሁ።»

እነሆ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲመኘው የነበረው ወንበር! ሐምዱ ተቀመጠበት። ከኋላው ዓይናቸው በለቅሶ ያበጠ ወጣቶችና አንዲት የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ይገፉታል። ከጎማው ሥር ከሚንኮሻኮሸው ጠጠር በቀር ድምፅ የለም። ድንኳኑ አጠገብ ሲደርስ ጥቁር የለበሰች ሴት ወጣ ብላ ቆመች። እናትየዋ ናት። መኪናውን አየችው፤ አልሮጠችም። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገችለት።

«ገለቶሚ፣ ልጄ» አለችው። «ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥህ።»

ሐምዱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አፍሮ አንገቱን እንደደፋ ድንኳኑን አለፈ።

ልጆቹ ተሰናብተዋቸው ሲመለሱ ቢርጊተ እጇን ከአቧራ አራገፈች።

«ሾፌር አያስፈልገኝም ያልኩት ስህተት ነበር» አለች። «ብቻዬን ብሆን ሰውየው ያሉት አይገባኝም ነበር፤ ሞተሬን እያስጮህኩ አልፍ ነበር። ነገ ሰበታ አብረኸኝ ና። ለድንቅቱ እኔ እነግራታለሁ።»

ይኸው በእጁ ገባ። አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረው። ሐምዱ አዎ ሊል አፉን ከፈተና የወጣው ሌላ ሆነ።

«ማዳም፣ ድንጋዩ እንዳለ አውቅ ነበር። እንዲያስፈራዎትና እኔን እንዲፈልጉኝ ብዬ ነው ያመጣሁዎት።»

«ሰው መሞቱንስ?»

«ያንን አላወቅሁም። ወላሂ አላወቅሁም።»

ቢርጊተ አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። «ቁልፉን ስጠኝ» አለችው። ሲመለሱም ድንኳኑ ጋ ሞተር አጠፉ፤ አሁን መሪው ላይ እሷ ነበረች፣ ሐምዱ ከልጆቹ ጋር ሆኖ ገፋ።

ቡራዩ ሲደርሱ ከኪራይ ቢሮው በር ላይ ወይዘሮ ድንቅቱ ጠበቋቸው።

«እህ፣ ነገስ?»

«ነገ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለች ቢርጊተ።

«ጎሽ!» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ እጃቸውን እያጨበጨቡ። ሐምዱ ግን ማታ ሰበታ ያለ ጓደኛው ጋ ደውሎ መንገዱን አጣራ፤ ሰላም መሆኑን፣ የት መታጠፍ እንዳለባት፣ ለቅሶ ካየች ምን ማድረግ እንዳለባት ወረቀት ላይ ጽፎ ለሆቴሏ ዘበኛ ሰጠላት።

እሑድ የልጁ ሰልስት ነበር። ቢርጊተ በሰበታ መንገድ በምትነዳበት ሰዓት ሐምዱ ሱሉልታ ላይ ከሚኒባስ ወርዶ ኮረኮንቹን ተያያዘው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ጫፍ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ኦቦ ደበላ ለዩትና ደንገጥ ብለው ወደ መንገዱ አዩ።

«ልጄ፣ መኪናውን የት ተውከው? ልጆቹ ይግፉልህ?»

«መኪና የለኝም፣ ኦቦ» አለ ሐምዱ። «ትናንት ለቅሶ ልደርስ አልነበረም የመጣሁት። ዛሬ ነው የመጣሁት።»