ወደ ኋላ የሚገባው ባቡር

ሰው የሌለባት ከተማ የሚገባ ባቡር ማንን ሊያሳፍር ነው?

ይህን የጠየቀችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ። ሽው አሸዋ ላይ ተንበርክካ ጠፍጣፋ ብረት በትናንሽ እንጨቶች ላይ እየቸነከረች ነበርና፣ «እስኪ መጀመሪያ ይግባ» ብላ አለፈቻት። ልብስ ሰፊዋም ይህ መልስ ሳይሆን ሽሽት መሆኑ ገብቷት እየሳቀች ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ሽው ቤተሰቡ ያወጣላት ስም ነው። ሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ሥራ ትይዛለች፣ ትለቃለች፤ መኝታ ክፍሏን ግማሹን ቀለም ቀብታ ግማሹን እንደነበረ ትታዋለች። እናቷ አንድ ቀን «ሽው ብላ መጣች፣ ሽው ብላ ትሄዳለች» ካለች በኋላ ስሙ እንደ ሙጫ ተጣበቀባት። እሷም አልተከራከረችም። የተማረችው ድልድይ መንደፍ ነው፤ የሠራችው ድልድይ ግን አንድም የለም። ሻንጣዋም አልጋዋ ሥር እንደታሸገ ነው። መሄዷ ነው መቅረቷ ነው ተብላ ብትጠየቅ፣ የምትመልሰው እንደ ጠያቂው ፊት ነበር።

ከአባቷ ጋር በጓሮው የምትሠራው ትንሽ ባቡር ግን ከሌላው ሁሉ ተለየባት። አባቷ ዕድሜውን የጨረሰው በባቡር ነጂነት ነው። በረሃው መሀል መዳብ የሚወጣባት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ባዶ ፉርጎ ይዞ ይሄዳል፣ ድንጋይ ጭኖ ይመለሳል። መዳቡ አለቀና ማዕድኑ ተዘጋ። ሕዝቡ ዕቃውን ጠቅልሎ በመጨረሻው ባቡር ወጣ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም የአባቷ ረዳት፣ ጥቁረቱን ራሱ እየቀለደበት ከሰል የሚባለው ሰው ነው። «ከተማ ብቻዋን አትተውም» ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አባቷ ጡሩምባውን ነፋ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ነፋ። ከዚያ ሄደ።

ጥሎት በመሄዱ ከሰል ይቀየመው አይቀየመው እስከ ዛሬ አልነገረውም፤ አባቷም ደፍሮ አልጠየቀውም። የፈለገው ሌላ ነገር ነው፤ ያችን ከተማ በጓሮው አሳንሶ ሊሠራት፣ ከሰልም አይቶ ልክ ናት እንዲለው። «እሱ ልክ ናት ካለ ልክ ናት። ሌላው ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው» ይላል። ሽውም አባቷ በእርጅናው ከሰው የፈለገው ነገር ይህ ብቻ መሆኑን ስላወቀች፣ ይህን እንኳ ሳልጨርስ ብሄድ ምን ሰው ነኝ ብላ ለራሷ ማለች።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። አባቷ የክብሪት ሳጥኖችን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ ይሄ ሱቁ፣ ይሄ የውሃ ጋኑ፣ ይሄ የመዳብ ድንጋይ መጫኛው እያለ አሳያት። ሽው እርሳስ አንስታ መንደፍ ያዘች። ወደ ከተማዋ ስትገባ በቀኝ ምን አለ፣ በግራ ምን አለ እያለች ትጠይቀዋለች፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ሳያመነታ ይመልሳል። የቀረበላቸው ሻይ እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲያ ጓሮው የማን እንደሆነ ጠፋ። አሸዋ በጆንያ በጆንያ ገባ። የቲማቲም መደቡ ተራራ ሆነ። የልብስ ማስጫው ገመድ ተፈትቶ መለኪያ ሆኖ ተወጠረ። እናቷ በረንዳው ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ታያለች። ባሏ በወጣትነቱ ሳምንታቱን እዚያች ከተማ ሲያሳልፍ እሷ እዚሁ ቤት ስትጠብቀው ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ ወስዶ አላሳያትም።

«ጣውንቴ ሞተች ብዬ ስገላገል፣ ጓሮዬ ድረስ አምጥቶ ይቀብራት?» አለቻት ለልብስ ሰፊዋ።

«አልቀበርኳትም፣ እያስነሳኋት ነው» አለ አባትየው ከአሸዋው ውስጥ።

«ይብስ» አለች።

ሽው ዝገት መሥራት ተማረች። የወተት ጣሳ እየቆረጠች ጣሪያ ታደርጋለች፤ አቼቶና ጨው ቀብታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሮጣ ሄዳ ታየዋለች። አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኖ ይጠብቃታል። ያማረ ዝገት ያገኘች ዕለት አባቷን ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰዋለች። ሰው ቤቱ ዝገት ሲገባበት ያዝናል፤ እነሱ ግን እንደ እንግዳ ይቀበሉት ጀመር። ከቀይ ሸክላ ስብርባሪ የመዳብ ድንጋይ ሠሩ። ከጃንጥላ ሽቦ የመብራት እንጨቶች ተከሉ። ሕዝቡ ጥሎ እንደወጣባት ቀን እንድትሆን የቤቶቹ በሮች ሁሉ ክፍት ተደረጉ፤ አንዱ ደጃፍ ላይ ባዶ ወንበር፣ ሌላው ላይ የተረሳ የብረት አልጋ።

የባቡሩ ሞተር ከተበላሸ መሰርሰሪያ የወጣ ነው። ቀፎውን የሰፈሩ በያጅ ከላሜራ ቀጥቅጦ ሠራው፤ ሠርቶ ሲጨርስም ለማስረከብ አልጨከነም፤ ይዞት መጥቶ እዚያው ቆሞ ሙከራውን አየ። ባቡሩ የመጀመሪያ ቀን እንደ ፈሪ በግ ተስፈንጥሮ ከሐዲዱ ወጣና የልብስ ሰፊዋን አጥር ገጨ። «ይኸው፣ ተሳፋሪ ፍለጋ መጣ» አለች ከወዲያ በኩል። አራቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሽውም እንዲህ የሳቀችበትን ቀን ለማስታወስ ብትሞክር አጣችው።

ለከሰል በየጊዜው ፎቶ ይላክለታል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ያመጡለት ስልክ አለው፤ ኔትወርክ ግን ከከተማዋ ጀርባ ካለው ኮረብታ አናት በቀር የለም። ጉልበቱ ሲፈቅድለት ይወጣል፣ የተላከለትን ያያል፣ ድምፁን ቀድቶ ይልካል፣ ይወርዳል። ድምፁ በነፋስና በትንፋሽ የተሞላ ነው። «አለቃ፣ የውሃ ጋኑን ምን አቀናው? ሰክረው የተከሉት መሆኑን ረሳኸው እንዴ» ብሎ ላከ አንዴ። አባትና ልጅ እየተሽቀዳደሙ ሄደው ጋኑን አጣመሙት።

በመጨረሻ ከተማዋ ሙሉ ሆነች። ሽው መሰላል ላይ ወጥታ ከላይ ፎቶ አነሳቻትና ላከች። ምላሹ ሲመጣ አባቷ ድምፁን ጨምሮ፣ እናቷንም ጠርቶ፣ ከፈተው።

«አለቃ፣ ሁሉም አለ። አንድም የቀረ የለም። ግን ይቺ የእኛ ከተማ አይደለችም። ሱቁ በግራ ነው እኮ። መጫኛው በቀኝ ነው። እንደ ካልሲ ገልብጣችኋታል።»

አባቷ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተቆጣ። ከሰል ፀሐይ ናላውን አዙሮታል አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ የገባባትን ከተማ ማንም ሊያስተምረው እንደማይችል ተናገረ። ተናግሮ ሲያበቃ ግን ትከሻው ወረደ፤ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሽው ብቻዋን ጓሮ ቀረች። እግሯ ላይ ያ የምታውቀው ቅልል የሚል ስሜት መጣባት፤ ሁልጊዜ ከመተው በፊት የሚመጣው። ቤቶቹ በሲሚንቶ የተያዙ ናቸው። ቢቀርስ ማን ይወቅሳታል?

ዓይኗ ባቡሩ ላይ አረፈ። መዳብ የጫነ ባቡር ከዚያች ጠባብ ከተማ ሲወጣ ሞተሩ ከፊት ነው። ታዲያ ሲገባ የት ነበር? ሐዲዱ እዚያው ያልቃል፤ ማዞሪያ ቦታ ሲነሳ ሰምታ አታውቅም።  የለስላሳ ሳጥን ደፍታ ጓሮው መሀል አስቀመጠችና አባቷን እጁን ጎትታ አወጣችው።

«አባዬ፣ እንደምትነዳ ሆነህ ተቀመጥ። ወደ ከተማዋ እየገባህ ነው።»

እያጉረመረመ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ወደ ፍሬኑ ሰደደ። ወዲያው፣ ማንም ሳያዘው፣ አንገቱን ጠምዝዞ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ አየ።

«ሱቁስ?» አለችው።

ቀኝ እጁን አነሳ። አነሳና እዚያው አየር ላይ ተወው፤ እጁንም የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከተው። ከተማዋ ከጀርባው ነበረች። ባዶዎቹን ፉርጎዎች እየገፋ ሁልጊዜ የገባው በኋሊት ነው። ከሰል ደግሞ ለነጂው ምልክት የሚሰጥበትን ባንዲራ ይዞ ፊተኛው ፉርጎ ላይ ይቆም ነበር፤ ፊቱ ወደ ከተማዋ። ሁለት ሰዎች በአንድ ባቡር ዕድሜ ልካቸውን አንድ ከተማ ሲገቡ፣ የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ ሆኖ ኖሯል።

«እኔ አንድም ቀን ፊት ለፊት አላየኋትም ማለት ነው» አለ አባቷ። ሽው ያለቅሳል ብላ ፈራች። እሱ ግን ሳቀ፤ ከሳጥኑ እስኪወድቅ ሳቀ።

በያጁ ግርግሩን ሰምቶ መጥቶ፣ ሐዲዱን ብቻ በዚያኛው ጫፍ ብናስገባውስ ብሎ ጠየቀ። ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ ሆና መለሰችለት። በግልባጭ የተቆረጠ እጅጌ ቢያዞሩት ቢያዞሩት እጅጌ አይሆንም፤ መፍታት ነው አለች፤ ስንት ጨርቅ አበላሽታ የተማረችው መሆኑን ጨምራ።

ፈቱት። ሽው ንድፉን የመስኮት መስታወት ላይ ገልብጣ ለጥፋ፣ ብርሃን ሲያሳልፈው መስመሩን በጀርባው ላይ ተከትላ ሣለችው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አዲሲቱ ከተማ ወረቀት ላይ ወጣች። እጇ እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። እናቷ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ዲጂኖ ይዛ ወረደች። «ጣውንቴን ስነቅል ማንም እንዳያግዘኝ» ብላ የሱቁን መሠረት በአንድ ምት አነሳችው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ምሳ በሰዓቱ አልተበላም፤ በያጁ ደንበኞቹን ረስቶ ሐዲድ ሲያቃና ይውላል፤ አባትየው «ግራ፣ ግራ» እያለ እንደ ጸሎት ይደጋግማል። አንድ ለውጥ ሽው ራሷ ጨመረች። በሮቹ ሁሉ ክፍት ሲሆኑ የከሰልን በር ዘጋችው፤ በደጁም ከክር የልብስ ገመድ ወጠረች። ሰው አለበታ።

በተመረጠው ጠዋት ሁሉም ሰው እየተጋፋ ቆመ። አባቷ ማብሪያውን ያዘ። ባቡሩ ፉርጎዎቹን ወደ ፊት እየገፋ፣ ጀርባውን ለከተማዋ ሰጥቶ፣ በዝግታ የቲማቲሙን ተራራ ዞረ፤ በተጣመመው ጋን ሥር አለፈ፤ ሱቁን ወደ ከተማዋ ለሚገባ ሰው በግራ ትቶ መጫኛው ሥር ጸጥ ብሎ ቆመ። አልዘለለም፣ አልወጣም። እናቷ ሳታስበው እልል አለች፤ ብላም አፏን ያዘች። ሽው ሁሉንም በስልኳ ቀረጸችው።

መልእክቱን አባቷ እየነገራት እሷ ጻፈችው። ከቪዲዮው ጋር ያንኑ ጠዋት ሄደ። መልስ ግን አልመጣለትም፤ ያን ሳምንትም፣ ዝናብ ሐዲዱን ሲያጥበውም፣ ከዚያም በኋላ። ወደዚያ የሚሄዱ ሾፌሮችም መንገዱ በአሸዋ ተዘግቷል ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦

«ከሰል፣ ዛሬ ገባን። በኋሊት ነው የገባነው፣ እንደ ድሮው፤ ፊተኛው ፉርጎ ላይ ያንተን ቦታ ባዶ ትተነዋል። ሱቁ በግራ ነው። አሁን ልክ ናት ወይ? ያን ቀን ጡሩምባውን ደግሜ ነፍቼ ነበር፤ ሰምተኸው ነበር ወይ? ኮረብታው ላይ ስትወጣ ቀስ ብለህ ውጣ። እስክትመልስ ባቡሩን አናስወጣውም።»