በጠርሙስ የቀረ ትንፋሽ

በ1977 መካነ ሰላም ትምህርት ቤታችን ጠመኔ አለቀበት። ከደሴ ይመጣል የተባለው መኪና ቀረ። እኔ ብዙነህ የኬሚስትሪው መምህር ነኝ፤ በነጭ ድንጋይ መጻፍ ሰልችቶኝ ጠመኔውን ራሴ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ።

ነገሩ ከባድ አልነበረም። ጠላ ሲብላላ የሚወጣው አየር በኖራ ውሃ ውስጥ ካለፈ ውሃው ይነጣል፤ ነጩ ዝቃጭ ሸምበቆ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲደርቅ ጠመኔ ነው። እማማ ቦጋለች ጠላ ሻጭ ናቸው፤ ልጃቸው ላቀው የጂኦግራፊ መምህርና ጓደኛዬ። የጋናቸውን አፍ በጭቃ መርገን፣ በጉሉኮስ ቱቦ ከኖራው ባልዲ ጋር አገናኘነው። "ጠላዬን ብታበላሹ ወዮላችሁ!" እያሉ እየሳቁ ይቆጡናል። የመጀመሪያዋ ጠመኔ ጠማማ ነበረች፤ ግን ትጽፋለች።

ላቀው ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። "ከጋኑ የኔ ሳንባ ይፈጥናል" ብሎ ሌላ ቱቦ የቀጠነ የኖራ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ከተተና ይነፋ ጀመር። ውሃው ነጣ። በቃህ ብለው አልሰማ አለ። ነፋ፣ ነፋ፣ ነጩ ተመልሶ ሟሟና ውሃው ጥርት አለ። ትንፋሽ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል፤ ነጩን አሟሙቶ ራሱም ውሃው ውስጥ ይቀራል። "አንተ ደነዝ፣ ጠመኔውን አጠፋኸው!" ብዬ ጮኽኩበት። ጠርሙሱን በቡሽ ደፍኜ፣ "የላቀው ጥፋት" ብዬ ጽፌበት፣ ተማሪ እንዲስቅበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ተኮራረፍን።

ሳንታረቅ የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ወጣ፤ ላቀውም ነበረበት። ላቀው ትርፍ ልብሱን በወግዲ በኩል ለመጡ ረሃብተኞች ሰጥቶ፣ በለበሳት ኮት የምልምሎቹ መኪና ላይ ወጣ። ልሸኘው አልሄድኩም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዓመቱ መርዶው መጣ። አስከሬኑ እዚያው ሰሜን ጦር ግንባር ቀርቷል። በእኛ አገር አስከሬን ከሌለ የሟች ልብስ ወይም ፎቶ ተይዞ ይለቀሳል። ልብሱን ሰጥቷል፤ ያለችው አንዲት ፎቶ መታወቂያው ላይ ነበረች፣ እሷም አብራው ሄዳለች። እማማ ባዶ እጃቸውን እያዩ፣ "ምኑን ይዤ ላልቅስ? ወገኖቼ፣ ምኑን ይዤ?" ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ ትዝ አለኝ። ይዤው ሄጄ ፊታቸው ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ ይኼ የላቀው ትንፋሽ ነው።"

"ውሃ አይደል እንዴ ልጄ?"

"ሲፈላ ይታያል።"

እሳት በሚችል ብርጭቆ ገልብጬ ከሰል ላይ ጣድኩት። ለቀስተኛው ከበበን። ውሃው ሲንፈቀፈቅ ደፈረሰ፤ ከዚያ ነጣ። አጥልዬ ያገኘሁት ዱቄት በማንኪያ ጫፍ የሚያዝ ነበር። በነጠላቸው ጫፍ ላይ አደረግኩላቸው። ቋጥረው ደረታቸው ላይ ያዙትና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ሲበርድላቸው ቋጠሮዋን አዩዋት።

"ትንፋሹ በሙሉ ይቺው ናት?"

መዋሸት ነበረብኝ። ግን አንድ ጊዜ በድዬዋለሁ፤ በእሱ ነገር ደግሜ መበደል አቃተኝ።

"ግማሹ ነው እማማ። ሲፈላ ግማሹ ተመልሶ አየር ይሆናል።"

"የት ሄደ?"

"አሁን ነው የወጣው። እዚሁ ቤት ውስጥ ነው።"

እማማ ቦጋለች ተነሡ። በለቀስተኛው መሐል አልፈው ሄደው በሩን ዘጉት።