ዳገት ያቃታት መኪና

መካኒኩ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳረፈና እጀታውን ከጆሮው አጣብቆ ዐይኑን ጨፈነ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የሞተርን ሕመም ያዳመጠው በዚህ ብረት ነው። ዛሬ ግን የተሰማው የራሱ የደም ትርታ ብቻ ነበር።

አሮጌዋ መኪና ቆማ ስትሠራ ጤነኛ ትመስላለች፤ ዳገት ስትጀምር ግን ጉልበት ይከዳታል፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። በሁለት ወር ውስጥ ስትመለስ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ካንዴላዎቿን ለውጧል፤ ካርቡራተሯን ፈትቶ አጥቧል። በመጨረሻም የደከመ ሐኪም የሚሸሸግበትን ቃል ተናገረ፤ እርጅና ነው አለ። ከዚያ ወዲያ መመርመሩን ትቶ መፍረዱን ያዘ።

የመኪናዋ ባለቤት የእርሱን ሁለት ልጆች ያዋለዱ ጡረተኛ አዋላጅ ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ባላቸውን ለኩላሊት እጥበት ዳገቱ አናት ላይ ወዳለው ሆስፒታል ያመላልሳሉ። ባለፈው ሳምንት መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማባቸው ሕመምተኛውን ደግፈው በእግር ወጡ። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው መጥቶ ሊወስዳት ነው። ከዚያ በኋላ በምን እንደሚመላለሱ አልተናገሩም፤ እርሱም አልጠየቀም።

«ቁርጡን ንገረኝ» አሉ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ። «አበቃላት?»

«እትዬ፣ የእኔና የእርስዎ እኩያ ናት እኮ። ምን ይጠበቃል?»

«አንተ ራስህን ቁጠር። እኔ ዳገቱን ወጥቻለሁ፤ ያውም ባሌን ይዤ።» ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ቶሎ ደከመ። «እኛ የማያለቅስ ሕፃን ሲወለድ፣ ደካማ ነው ብለን አንተወውም ነበር። መጀመሪያ አፉን ነው የምናየው። መታፈኑ ይሁን መሞቱ በምን ይታወቃል?»

መካኒኩ ወደ ሞተሩ ዞረ። ጥቁር ጭስ፤ ጥላሸት የለበሱ ካንዴላዎች። ይህ አየር ያጠረው ሞተር ምልክት መሆኑን እርሱ ራሱ ስንቱን አስተምሯል። ግን አይቶ እንዳላየ አልፎት ነበር፤ ድካም ከሰው ላይ አስቀድሞ የሚሰርቀው ጥያቄውን ነውና።

የአየር ማጣሪያውን ክዳን ፈታ። ማጣሪያው ንጹሕ ነው። ከውጭ አየር የሚያስገባውን ቱቦ ነቀለና ሁለት ጣቱን ሰደደ። ለስላሳ ነገር ነካ። ጎተተው።

አቧራ የጠገበ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ቁራጭ ጨርቅ ወጣ፤ ሚስቱ ከአሮጌ ፒጃማው ቀድዳ ለመወልወያ የሰጠችው። ከሁለት ወር በፊት፣ መኪናዋ ገና ጤነኛ ሳለች፣ ሞተሯን ሲያጥብ ውኃ እንዳይገባ የቱቦውን አፍ የወተፈው በዚህ ጨርቅ ነበር።

አስነሣትና ነዳጅ ረገጠ። ድምፅዋ የደከመው ጆሮው እንኳ እስኪሰማ ድረስ ጋራዡን ሞላው። አዋላጇ ከበርጩማቸው ተነሡ። በዚያው ቅጽበት ከደጅ የብረት ገዢው የጭነት መኪና ጡሩምባ ተሰማ።

«ምን ነበር?» አሉ።

ጨርቁ በጭብጡ ውስጥ ነው፤ የቱታው ኪስ ቅርብ ነው። መካኒኩ ሞተሩን አጠፋ። እጁን ወደ ኪሱ ጥቂት አስጠጋ፤ ከዚያ መለሰና ጣቶቹን ዘረጋ።

«የእኔ ነው» አለ።

አዋላጇ ጨርቁን አዩት። አልነኩትም።

«ነገ የእጥበቱ ቀን ነው» አሉ። «አንተ ነህ የምትነዳው። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ለባሌ ራስህ ትነግረዋለህ።»

ጡሩምባው ደግሞ ጮኸ። ሊመልስለት የወጣ አልነበረም።