ልጄ ዲዳ

ዲዳ በኦሮምኛ ደጅ ማለት ነው። ልጄ የተወለደው ነገሌ ጤና ጣቢያ ሳልደርስ፣ ከአጥራችን ውጭ ነው፤ ባሌ ሶራም እዚያው ስሙን አወጣለት። በአማርኛ ምን እንደሚሆን ነገርኩት። ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነው፣ አማርኛ አያንሰውም። የአያቴም ስም ነው፣ ማን ምን ይለዋል አለኝ። እኔ ግን ገና አራስ ቤት ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚሉት ሁሉ ይሰማኝ ነበር።

ያሰብኩት አልቀረም። እጁን ባነሣ ቁጥር ከኋላ አንዱ "ዝም በሉ፣ ዲዳ ሊናገር ነው" ይላል፤ ክፍሉ ይስቃል፣ አስተማሪውም አብሮ ይስቃል። ልጄ እጅ ማንሣት ተወ። ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ቤት ውስጥ ወሬው የማያልቅ፣ ክፍል ውስጥ ግን ቃል የማይተነፍስ ሆነ። ነጥቡም ወረደ።

በ1978 ዓ.ም. ለሚኒስትሪ ፈተና ሁለት ወር ሲቀር የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ርእሰ መምህሩ ጋሽ ኃይለማርያም ባለፈው ዓመት ከግማሽ በላይ ተማሪ ወድቆባቸው፣ በአውራጃው ስብሰባ ላይ ሰው ፊት ተወቅሰዋል፤ ለዘንድሮ መቶ በመቶ አሳልፋለሁ ብለው ቃል ገብተው ነው የመጡት። ደካማ ተማሪዎች እንደየችግራቸው ወደ ልዩ ትምህርት እንደሚመሩ ነገሩን፤ ወላጅም ስለ ልጁ በጽሑፍ ያስረዳ አሉ። የተመራ ልጅ ከተፈታኞች ዝርዝር ይወጣል። ሚኒስትሪ ያላለፈ ደግሞ ሰባተኛ አይገባም።

ከመጣነው እናቶች አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ማታውን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ጻፍኩ። "ልጄ ዲዳ ክፍል ውስጥ የማይናገረው በተማሪዎች ፌዝ ምክንያት ስለሆነ" ብሎ ይጀምራል።

በሳምንቱ ቢሮ አስጠሩኝ። ጽሑፌ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት በቀይ ተሰምሮባቸዋል። አጠገቡ ለአውራጃው የተዘጋጀ ደብዳቤ አለ፤ ልጁ አዲስ አበባ፣ መስማትና መናገር ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት እንዲላክ ይጠይቃል። ማስረጃው የእናቱ ጽሑፍ ነው።

"ስሙ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"የአባቱን ስም ለምን አልጻፍሽም? አንቺ የተማርሽ ነሽ።"

አሁን ልጨምርበት ብዬ ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብኩት።

"እኔ ያነበብኩትን አውራጃውም ያነባል" አሉና፣ ለማንኛውም ዓርብ ጠዋት ሦስት አስተማሪዎች እንደሚያዩት፣ ከተናገረ እንደሚፈተን ነገሩኝ።

ዓርብ መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ሄድኩ። ስምህ ማን ነው ብለው ይጀምራሉ። ዲዳ ይላል። ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ አፉ አይከፈትም። በሩ ላይ ስንደርስ ኮሌታውን እያስተካከልኩ፣ ዳንኤል ነኝ በል አልኩት።

"ለምን?"

"ዝም ብለህ በል።"

አስተማሪዎቹ የክፍሉን መዝገብ ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ኃይለማርያም ስሙን ጠየቁት። ልጄ መዝገቡን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እንደገና ጠየቁት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። አንደኛው አስተማሪ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ እየመታ እስከ ሦስት ቆጠረ። ጋሽ ኃይለማርያም ስሙን ከተፈታኞቹ ዝርዝር ሰረዙና ደብዳቤው ላይ ፈረሙ።

ከክፍሉ እንደወጣን አፉ ተፈታ። "እማዬ፣ ውሸታም ይሉኛል ብዬ እኮ ነው፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው..." እያለ ሳይጨርስ በጥፊ መታሁት። ደገምኩት። ተማሪዎች በየመስኮቱ ተሰበሰቡ።

ጋሽ ኃይለማርያም ከኋላዬ መጥተው እጄን ያዙኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁት የእውነት ሐዘን ነበር።

"ተይው እንጂ፣ ጠጂቱ" አሉኝ። "ልጁ ምን ያድርግ? መናገር አይችል።"